ሰባቱ ጽኑዓንና የሽንኩርት ሻጯ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስሙን የጠራሁት እንደሆነ ከመካከላችሁ አንዱ «አክስቴ የተዳረችው እዚያ አይደል እንዴ!» ይልና ወሬው ወደ አክስቱ ይዞራል። ወንዝ አለው፣ ገበያ አለው፣ ንጉሥ አለው፤ ይበቃችኋል። ሕግ ደግሞ ከሦስቱም የበለጠ አለው።

ከሕጎቹ ሁሉ እስከ ዛሬ ሆዴን አስይዞ የሚያስቀኝ የመጽሐፍ ሕጉ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የንጉሡ አያት ከጎረቤት ንጉሥ ጋር በአንዲት የግጦሽ መሬት ተጣልተው ጦር አዘመቱ። ጦሩ ሦስት ቀን ተጉዞ እንደ ሰፈረ አንድ የመቶ አለቃ ከኮርቻው ሥር የፍቅር መጽሐፍ አወጣና ለወታደሮቹ ያነብላቸው ጀመር። አንብቦ ሲጨርስ ምንም ሳይናገር ተነሣ፣ በቅሎውን ጫነ፣ ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ወታደሮቹ ተያዩ። አንዱ «እኔም ቤት የረሳሁት ነገር አለ» አለ። ሌላው «እኔም» አለ። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ የተገኙት የጦር አዛዡና ነጋሪት መቺው ብቻ ነበሩ፤ ነጋሪት መቺውም ቢሆን የቀረው ሚስት ስላልነበረው ነው።

ጦርነቱ ቀረ። የግጦሽ መሬቱን እስካሁን የሁለቱም አገር ላሞች ተስማምተው ይግጡታል። አያትየው ንጉሥ ግን በጣም ተቆጡ። «ሰውን የሚያነቃንቅ ነገር ዙፋንንም ያነቃንቃል» አሉና የጽናት ቤት የሚባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ።

የጽናት ቤት ሰባት ሹማምንት አሉት፤ ጽኑዓን ይባላሉ። ማንኛውም መጽሐፍ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በዝግ አዳራሽ እነሱ ፊት ይነበባል። ሰባቱ በተርታ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በእያንዳንዳቸው ጉልበት ላይ አፉ ድረስ ውሃ የተሞላ የሸክላ ጣባ ይቀመጣል። እግራቸው ሥር ጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል። ንባቡ እስኪያልቅ አንዲት ጠብታ ካልፈሰሰች መጽሐፉ «ማንንም አያነቃንቅም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ይወጣል። አንዲት ጠብታ ድንጋዩ ላይ ከታየች ግን ንባቡ እዚያው ላይ ይቆማል፣ መጽሐፉ ካልተነበበው ገጹ ጋር ጓሮ ይቀበራል። የቀረውን ከዚያ በኋላ ማንም አያውቀውም፤ ጽኑዓኑ ራሳቸውም ቢሆኑ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ትሉኝ እንደሆነ፣ እኔ ያኔ የቤቱ ውሃ ቀጂ ነበርኩ። ጣባዎቹን የምሞላው እኔ ነኝ።

ጽኑዕ ሆኖ ለመሾም ቀላል እንዳይመስላችሁ። በለቅሶ ቤት ያላለቀሰ፣ በሠርግ ቤት ያልጨፈረ፣ ሕፃን ሲስቅለት ፊቱን ያልፈታ ሰው ነው የሚፈለገው። የሰባቱ አለቃ ሊቀ ጽኑዓን ጓንጉል ይባላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰባቸውም። የቤታቸው ጣሪያ የተቃጠለ ዕለት ውሃ ይዘው የመጡትን ጎረቤቶች «ጭሱን ወደዚያ ብታደርጉልኝ» አሏቸው ይባላል። ለዚህ ጽናታቸው ቀይ ጥላ፣ አንዲት ሰጋር በቅሎና ሁለት በር ያለው ቤት ተሰጥቷቸው ነበር።

የአገሩ ጸሐፊዎችም ሕጉን ለመዱት። «እርሷ መጣች። እርሱም መጣ። ቆይተው ሄዱ።» እየተባለ ሦስት መቶ ገጽ ይጻፍ ነበር። ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ጥቅም አላጣም፤ ሕፃን ለማስተኛትና ለሚወላገድ አልጋ እግር ይሆናል። እምቢ ብሎ ሲያነቃንቅ የተገኘ ጸሐፊ ግን ሁለት ጊዜ ምሕረት ያገኛል፣ በሦስተኛው ይቀጣል። ቅጣቱም ቀኝ እጁን ከጥሬ ቆዳ በተሠራ ከረጢት አስገብቶ እስከ አንጓው መስፋት ነው። ከረጢቱ ዕድሜ ልክ አይፈታም።

እንግዲህ ወይዘሮ ይርገዱ የምትባለው የፍቅር መጽሐፍ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ተቀብሮባታል። የመጀመሪያው መጽሐፏ አራተኛው ገጽ ላይ ነው የቀረው፤ አንዲት ኮረዳ የወደደችው ሰው ሲያልፍ እንስራዋን ምንጭ ላይ ጥላ ስትከተለው ከጽኑዓኑ አንዱ ፈገግ አሉና ጉልበታቸው ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው አርባኛው ገጽ ላይ ቀረ። አንድ ሽማግሌ በጥምቀት ዕለት ለገዛ አሮጊት ሚስታቸው ሎሚ ሲወረውሩ ሁለት ጣባ ባንድ ጊዜ ፈሰሰ። ይርገዱ ከዚህ በኋላ የቀራት አንድ መጽሐፍ ነው።

ባሏ ፈንቴ ኮርቻ ሰፊ ነው። እሷም የምትጽፈው እሱ ቆዳ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ በሙጫና በጠፍር መካከል ተቀምጣ ነበር። ደንበኞች ሲመጡ ፈንቴን በነገር መውጋት ይወዳሉ።

«ፈንቴ፣ ያ ሁሉ ፍቅር ካንተ ነው እንዴ የሚቀዳው?»

«እኔ የማውቀው የበቅሎ ጀርባ ነው» ይላል ወስፌውን ሳያስቀምጥ። «እሷን ጠይቋት።»

ሰው የፍቅር ጸሐፊ ሲባል ጨረቃ እያየ የሚተክዝ ይመስለዋል። ይርገዱ ግን ድስት ጥዳ ነበር የምትጽፈው፤ ምዕራፉ እንዴት እንደሆነ ፈንቴ የሚያውቀውም ከወጡ ነው። ወጡ አርሮ ከቀረበ ፍቅረኞቹ ተገናኝተዋል። ጨው ከበዛበት ተጣልተዋል። ጭራሽ ወጥ ካልቀረበ ደግሞ አንዳቸው ሊሞቱ ነውና ፈንቴ ቆሎ በኪሱ ይዞ ሥራ ይቀመጣል።

«ዛሬስ ተሳሳሙ ልበል?» አላት አንድ ቀን እንጀራውን ሲቆርስ።

«ኧረ እጅ ለእጅ ብቻ ነው የተያያዙት።»

«እጅ ለእጅ ተያይዘው ድስቱ እንዲህ ከከሰለ፣ የተሳሳሙ ዕለት ቤቱ ይቃጠላል በይኛ!»

ሁለተኛው መጽሐፍ በተቀበረ በወሩ ከጽናት ቤት ለፈንቴ አንድ ደብዳቤ መጣ። በከተማው ሌላ ቆዳ ሰፊ ስለሌለ ትእዛዙ የደረሰው ለሱው ነው። «ለወይዘሮ ይርገዱ ቀኝ እጅ የሚሆን ከረጢት ሰፍተህ ጠብቅ። ቆዳው ወፍራም ይሁን» ይላል። ማኅተሙ ሥር ደግሞ «ስፌቱ ያማረ ይሁን» የሚል ተጨምሮበታል፤ መንግሥት ሥራ ሲያበላሹበት አይወድም።

ፈንቴ ደብዳቤውን አጥፎ ሲባጎ አነሣ።

«እጅሽን አምጪ» አላት።

ሰጠችው። ለካው፣ ቆረጠ፣ ሰፋ፤ ጠበበ። እንደገና ለካው፤ አሁን ደግሞ ሰፊ ሆነበት። ሦስተኛውን ሲጀምር ሲባጎውን ጣለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለስንት በቅሎ ስሰፋ አንድ ቀን ልክ ስቼ አላውቅም» አለ። «ይርጌ፣ በእናትሽ ሞት ይኼኛው መጽሐፍ ቀዝቃዛ ይሁን። መሳሳም ይቅር። ጨረቃ ይቅር። ሎሚ ይቅር። እንዳንቺ ያለ እጅ እኔ አልሰፋም፤ አልሰፋም ስል ደግሞ ሁለታችንንም ይሰፉናል።»

ይርገዱ የባሏን ፊት አይታ ሲባጎውን ከወለሉ አነሣችለት። ያን ዕለት የተነጋገሩት ነገር ቀልድ አልነበረበትም።

«እሺ» አለችው። «እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ አደርገዋለሁ።»

ቀዝቃዛ ነገር ፍለጋ ራቅ ብላ አልሄደችም። በየረቡዑ ወረቀት ለመግዛት በታንኳ ወንዙን ትሻገር ነበር። የታንኳው ቀዛፊ ዝምተኛ ሰው ነው። ታንኳው አሮጌ ስለሆነ ከአንዲት ቦታ በቀር ሁሉም መቀመጫው ውሃ ያስገባል። ያቺ ደረቅ ቦታ ከቀዛፊው እግር ሥር ናት። ይርገዱ ብዙ ረቡዕ ከተሳፈረች በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች። ቀዛፊው ያችን ቦታ በመቅዘፊያው ዘግቶ ይጠብቅና አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ስትመጣ መቅዘፊያውን ያነሣል። ሴትዮዋም «እንዴት አደርክ» ትለዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ» ይላታል። ሌላ ቃል የለም። ሰው ሲጠየቅ ይኸው ነገር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«ከዚህ የቀዘቀዘ ፍቅር ከየት ይመጣል!» አለች ይርገዱ በሆዷ፤ ደስ ብሏት ከታንኳው ስትወርድ የገዛችውን ወረቀት እዚያው ረስታው ሄደች።

መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉ ውስጥ ታንኳ፣ ሽንኩርትና «እንዴት አደርክ» እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወጡ ማረሩን አላቆመም። ፈንቴ እየሸተተው ወስፌው እጁን ይወጋዋል።

«ምን ተፈጠረ?» ይላል ደንግጦ።

«ምንም። ሽንኩርት ሻጯ ተቀመጠች።»

«ከመቀመጧ ነው ድስቱ የነደደው?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ! አቀማመጧ ነው!» ትላለች፤ ትስቃለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ መልሳ ትጽፋለች። እሱም ሳይወድ ይስቃል። ጎረቤት ሁለቱ ምን አግኝተው ነው ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ከዚያች ቤት የበለጠ ደስታ የነበረበት ቤት አልነበረም።

መጽሐፉን በምታስረክብበት ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሦስተኛ ከረጢት አየችና ፈራች። ይህኛው ልኳ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ቀደደችና ሌላ ጻፈች፤ ከዚያም ሳታነበው ከሌሎቹ ጋር አስራ ሰጠች።

ንባቡ ሰኞ ተጀመረ። አንባቢው አቶ ልሳኑ የተቀጠረው ለድምፁ ነው። ድምፁ ወጣ ገባ የሚባል ነገር የለውም፤ ገና ጎረምሳ ሳለ ሊያገባ ነው ብሎ ለዘመዶቹ ሲነግር ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ ይባላል። ይርገዱና ከረጢቱን የያዘው ፈንቴ ከበሩ ጎን ቆመዋል። እኔ ጣባዎቹን ሞልቼ ከምሰሶው ሥር ተቀመጥኩ። ጠብታ ቆጣሪው አቶ በሪሁን በጉልበቱ እየዳኸ ጥቁሩን ድንጋይ ያያል።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ታንኳ ተሳፈሩ፣ ታንኳ ወረዱ። ሁለት ጽኑዓን እንደ ደንቡ አዛጉ። ፈንቴ ደስ ብሎት «በርቺ፣ ይሰለቻል!» ብሎ በሹክሹክታ አሞገሳት።

ማክሰኞ ዕለት ነገር ተለወጠ። ጽኑዓኑ ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ። እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ሽንኩርት ሻጯ አንድ ረቡዕ ሳትመጣ የቀረች ጊዜ ቀዛፊው ደረቁን ቦታ በመቅዘፊያው እንደ ዘጋ ባዶውን ወሰደው፣ ባዶውን መለሰው። ይህ ሲነበብ ከግራ ሦስተኛ የተቀመጡት ጽኑዕ ከንፈራቸውን ነክሰው ደም አወጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ደግሞ እስትንፋሳቸውን ይዘው እንደ ቲማቲም ቀሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ጠብታ የፈሰሰ እንደሆነ መጽሐፉ ይቀበራል፤ ከተቀበረ ሴትዮዋ በሚቀጥለው ረቡዕ ትምጣ አትምጣ መቼም አያውቁም! መጨረሻውን ለመስማት ሲሉ ነው እንደ ድንጋይ የተቀመጡት። በዕድሜያቸው እንዲህ ጸንተው አያውቁም።

ልሳኑም ቢሆን ጉድ ሆነ። «በሚቀጥለው ረቡዕ መጣች» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ።

«ድምፅህ አበጠ!» አለው በሪሁን ከመሬት ሆኖ።

«ይቅርታ፣ ሳል ነው» አለ ልሳኑ።

«ሳልም ቢሆን ጠፍጣፋ ይሁን!»

ረቡዕ ዕለት ሦስት ገጽ ብቻ ሲቀር ልሳኑ እንዲህ ሲል አነበበ፤

«ያን ቀን ቀዛፊው ታሞ ሌላ ሰው ነበር የሚቀዝፈው። ሽንኩርት ሻጯ እንደማንም ሰው ተሳፈረች፤ ባገኘችበት ተቀመጠች። ወንዙ መሐል ሲደርሱ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ራሰ። ጎንበስ ብላ አየችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቀሚሷ ረጥቦ እንደማያውቅ ያወቀችው ያኔ ነው። ‹መልሰኝ› አለችው ተተኪውን። ሽንኩርቷን እዚያው ትታ የቀዛፊውን ቤት እየጠየቀች ሄደች። በሩ ላይ ስትቆምበት ካልጋው ተነሣና ‹ካሁን ወዲያ ሳትሻገሪ ብትቀሪስ?› አላት።»

እዚያው ላይ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ።

በሪሁን እየዳኸ ሮጠ። «ጠብታ!» ብሎ ጮኸ። «ጠብታ ተገኘ! ሊቀ ጽኑዓን ዘንድ!»

ፈንቴ ከረጢቱን እንደ ያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይርገዱ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨብጣ ቆመች። ስድስቱ ጽኑዓን ጣባቸውን ሳያንቀሳቅሱ በዓይናቸው ብቻ አለቃቸውን ተቆጡ። አንደኛው ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ «ምነው፣ ምነው እዚህ ላይ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ልሳኑ መጽሐፉን ሊያጥፍ ሲል በሪሁን እጁን አነሣ። የጓንጉልን ጣባ አየ፤ ጣባው እንደ ሞላ ነው። እኔ እንደ ሞላሁት አንድ ፀጉር አልጎደለም።

«ጣባው ካልጎደለ ጠብታው ከየት ፈሰሰ?» አለ። «አንድ ነገር ገብቶበት ነው ሞልቶ የፈሰሰው።» ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። «ጌታዬ፣ ጢምዎ ለምን ረጠበ?»

ጓንጉል ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ።

«ሽንኩርት በተደጋጋሚ ስለ ተጠራ ይሆን?» አለ በሪሁን ሊረዳቸው ብሎ።

የሕጉ መጽሐፍ ተከፈተ። ሕጉ «የመንግሥትን ውሃ ያፈሰሰ መጽሐፍ ይቀበራል» ይላል እንጂ ስለ እንባ የሚለው የለም፤ ሕግ አውጪዎቹ ጽኑዕ እንባ ይኖረዋል ብለው አላሰቡም። እንግዲህ ድንጋዩ ላይ ያለችው ጠብታ የመንግሥት ውሃ ናት ወይስ የሹሙ እንባ? በሪሁን በጣቱ ነክቶ ቀመሳት። «ጨው ጨው ትላለች» አለ። ልሳኑ ይጣራ ተብሎ ቀመሰ። «እኔ ምንም አልቀመሰኝም» አለ። ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል ተባለና እኔ ተጠራሁ። ጎንበስ ብል ድንጋዩ ደርቋል። ማስረጃው ተልሶ አለቀ!

«እንግዲያው ባለቤቱ ይናገሩ» አለ በሪሁን። «ጌታዬ፣ ‹ውሃ ነው› ካሉ ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው፤ መጽሐፉ ይቀበራል፣ የሴትየዋ እጅ ይሰፋል፣ እርስዎ ሹመትዎ ላይ ይቆያሉ። ‹እንባ ነው› ካሉ ግን የሹመት ደንቡ ‹ያለቀሰ ሰው ከመጀመሪያውም ጽኑዕ አልነበረም› ይላል። ከመጀመሪያው ጽኑዕ ካልነበሩ ጣባዎም ከመጀመሪያው እንዳልተቀመጠ ይቆጠራል። ንባቡ በስድስት ይቀጥላል። እርስዎ ግን ጥላውን፣ በቅሎዋንና ቤቱን አስረክበው አሁኑኑ ይወጣሉ።»

ሊቀ ጽኑዓን ጓንጉል ይርገዱን አዩዋት። ከዚያ ፈንቴን፣ በፈንቴ እጅ ያለውን ከረጢት። ሃያ ስድስት ዓመት ጣባ ሞልቼላቸው ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እኔ ቤት አንዲት ሴት አለች» አሉ። «ደጃፌ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምቀመጥበት በርጩማ ፀሐይ አግኝቶት አያውቅም። ጥላውን እየተከተለ በራሱ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። አሁን ይኼ ሰውዬ ሲያነብ ነው ማን እንደሚያዞረው የገባኝ።» ጣባውን በሁለት እጃቸው አንስተው ለኔ ሰጡኝ። «ጠብታዋ የኔ ናት። እንባ ናት።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ በሳቅና በልቅሶ መካከል ቆሜ ውሃውን ልደፋው ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው እንደ ተርታ ሰው በሩን ራሳቸው ከፍተው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ሽንኩርት ሻጯ ምን ብላ እንደመለሰች ሳይሰሙ የቀሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልሳኑ የመጨረሻውን ገጽ አነበበ፤

«ሽንኩርት ሻጯም ‹እግዜር ይማርህ፤ ደህና ዋል› ብላው ወደ ገበያዋ ሄደች።»

በቃ። ስድስቱ ጽኑዓን ሳይነቃነቁ ቀሩ፤ የሚያነቃንቅ ነገርም አልነበረውም። በሪሁን ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ማኅተሙ ተመታ። «ይህ መጽሐፍ ማንንም አያነቃንቅም።» ፈንቴ ከረጢቱን እዚያው ጥሎ ሚስቱን አቀፈና ወገቧን ይዞ አነሣት፤ በጽናት ቤት ውስጥ ሰው ታቅፎ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። ይርገዱ ግን አልሳቀችም።

እኔም ውሃውን ልደፋ ተከትያቸው ወጣሁ። አቶ ጓንጉል፣ አሁን አቶ ናቸው፣ ያለ ጥላ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ይርገዱን ሲያዩ ዘለው ተነሡ።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ እባክዎ! ምን አለችው?»

ይርገዱ ማኅተም ተመትቶ የተመለሰላትን መጽሐፍ ከፍታ የመጨረሻውን ገጽ አየች።

«ምን ያለችው ይመስልዎታል?» አለች።

«እኔ ምኑን አውቄው! ‹ደህና ዋል› ብላው እንዳይሆን ብቻ! እንደሱ ብላው ከሆነ በቅሎዬን መልሱልኝ!»

ይርገዱ አንገቷን ደፋች። «ፈርቼ ነው» አለች። «የጻፍኩት እሱን ነው። አፈርኩ።»

«ታዲያ ለውጪዋ!»

«ማኅተም በተመታበት መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል የጨመረ እጁ ይሰፋል» አለ ፈንቴ በድንጋጤ።

«መጨመር ነው የተከለከለው» አሉ አቶ ጓንጉል። ሕጉን ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበት ናቸውና አንድ በአንድ ያውቁታል። «ስለ መቅደድ የሚል አንቀጽ የለም። ማንንም የማያነቃንቅ መጽሐፍ ማን ይቀድዳል ብለው አላሰቡትም።»

ይርገዱ አቶ ጓንጉልን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ በቀኝ እጇ ይዛ ቀደደችው። ፈንቴ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ጨመረና አላምጦ ዋጠው። በኋላ ሲነግረኝ ከወጧ ይሻል እንደነበር ምሎልኛል።

መጽሐፉ እንደዚያው ወጣ። ቀዛፊው «ካሁን ወዲያ ሳትሻገሪ ብትቀሪስ?» ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የመጽሐፉ ልባስ ነው። መጀመሪያ ሰው ማኅተሙን አይቶ ለአልጋ እግር ገዛው። አንዱ አልጋውን ሲያቃና ገለጥ አድርጎ አየ፤ በማግስቱ አልጋው ተወላግዶ ሰውየው ጎረቤቱን «ምን ያለችው ይመስልሃል?» እያለ ሲጠይቅ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ አገር ተነሣ። ልብስ አጣቢው ከወንዝ፣ ዳኛው ከችሎት፣ ሙሽራው ከጫጉላ ቤት «ምን አለችው?» ነው። አንዱ «‹እሺ› ነው ያለችው» ሲል ሌላው «ምንም አላለችውም፣ ገብታ እሳት ነው ያነደደችለት» ይላል። ባልና ሚስት በዚህ ይጣላሉ፣ ታርቀውም በዚሁ ይጣላሉ። የእውነቱ ቀዛፊ ማንበብ ስለማይችል ከተሳፋሪ ሰማና በረቡዕ ለሽንኩርት ሻጯ «አንቺስ፣ ምን ያለችው ይመስልሻል?» አላት። ሴትዮዋ ደንግጣ ቅርጫቷን ወንዝ ውስጥ ለቀቀችው። ሽንኩርቱ ሲንሳፈፍ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ ይባላል።

የጽናት ቤት ምን ያድርግ? ሰው ሁሉ የሚያወራውን ገጽ መርምረው እንዳይቀብሩት ገጹ የለም። ጣባ የሚያስቀምጡበት ነገር የለም። ይርገዱን ቢጠሯት «እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ማኅተማችሁን እዩት» አለችና ወደ አራተኛው መጽሐፏ ተመለሰች።

በመጨረሻ ነገሩ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንጉሡና ንግሥቲቱ በዚሁ ነገር ሦስት ቀን ተኳርፈው ነበርና ስድስቱ ጽኑዓን ተጠርተው ቀረቡ። እኔም ውሃ ይዤ ተከተልኩ። በመስቀል አስምለው ጠየቋቸው። ስድስቱም ባንድ ቃል «በጆሯችን ሰምተናል፤ ‹ደህና ዋል› ብላው ነው የሄደችው» አሉ።

ማን ይመናቸው! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሻ ጃግሬው ሳቀ፣ ንጉሡ ሳቁ፣ ዙፋኑ ወዲያና ወዲህ ሲል በዓይኔ አየሁ። ንግሥቲቱ ግን አልሳቁም፤ ስድስቱን ተራ በተራ አዩዋቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዚህ አገር ነገር!» አሉ። «ስድስት ሹም ተሰብስቦ አንዲት ሴት ያለችውን መስማት ያቅተው?»